ስለ ሁለተኛው ዓይን

በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ የሆነ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ሁለቱም ዓይኖቹ ተገልጠው ይሣላል፤ ኃጥእ የሆነ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል። እመቤታችን፣ መላእክትና ሰማዕታት ሁለት ዓይን አላቸው፤ ሰይጣንና ይሁዳ አንድ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ወደ ጣራው ቀና ያለ ሰው ከመቶ የሚበልጡ የመላእክት ፊቶች በሁለት በሁለት ዓይን ቁልቁል ሲመለከቱት ያገኛል። ማንበብ ለማይችለው ምእመን ይህ ደጉን ከክፉው የሚለይበት ፊደል ነበር። ይሁዳ በእራቱ ማዕድ ከሐዋርያት መካከል ተቀምጦ ሳለ፣ ስሙ ባይጻፍበት እንኳ በዓይኑ ይታወቃል። በዚህ የሚከራከር የለም፤ የይሁዳ ነገር በወንጌል ተጽፎ ያለቀ ነውና።

ሥርዓቱ ግን ከቤተ መቅደስ ግድግዳ ወጥቶ የሰውን ታሪክ መሣል በጀመረ ጊዜ ነገሩ ከበድ ይላል። በ1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዓድዋን ጦርነት በሚያሳዩት ሸራዎች ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ ሆኖ ሲራዳ፣ የእኛ ሰዎች በሙሉ ፊት፣ የኢጣልያ ወታደሮች ደግሞ በአንድ ዓይን ተሥለዋል። የሰው አገር የወረረ ይህ ይገባዋል የሚል ይኖራል፤ እኛም ሥዕሉን ስናይ ደስ አይለንም ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ሆኖም በዚያው ጦር ሜዳ ከኢጣልያ ጋራ ተሰልፈው የተማረኩ፣ መልካቸው የእኛው መልክ የሆነ አስካሪዎች ነበሩ፤ በቅጣትም ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። አንዱን አስካሪ፣ ምናልባት ድህነት የወሰደውን፣ ዛሬ ሊሥለው የሚነሣ ሠዓሊ ስንት ዓይን ይሰጠዋል?

ይህን ጥያቄ ይበልጥ ያጠነከረው የዘይት ቀለም ነው። የጥንቱ ሠዓሊ የእንጨቱን ገበታ ወይም በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሸራ በሙጫ በተለወሰ ነጭ ዱቄት ቀብቶ ያዘጋጅ ነበር፤ ቀለሙ ቶሎ ስለሚደርቅ አንዱን ከሌላው ቀስ አድርጎ ለማዋሐድ አይመችም። ስለዚህ ቀለሙ ልሙጥ፣ ዳሩም በጥቁር መስመር የታሠረ ሆነ። እርግጥ የጎንደር ሠዓሊዎች በ18ኛው ምእት ዓመት ጉንጭንና አንገትን በጥላ ማሳየት ጀምረው ነበር። የዘይት ቀለም ግን ለቀናት እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ብርሃኑን ወደ ጥላ፣ ጥላውን ወደ ብርሃን ለመምራት ፋታ ይሰጣል። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ አፈወርቅ ተክሌም በለንደን ተምረው፣ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የብራና ሥዕሎቻችንን መረመሩ። ከእነርሱ ወዲህ የሥዕለ አድኅኖውን ትልልቅ ዓይን፣ ደማቅ ቀለምና ጠንካራ መስመር በዘይት የሚሠሩ ሠዓሊዎች በዝተዋል።

ከነዚህ አንዱን እናውቀዋለን። ባለፈው ዓመት በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ችሎት በዚሁ ስልት ሲሥል ሄደን አየንለት። ዳኛው በሁለት ዓይን፣ ሽማግሌዎቹ በሁለት ዓይን፤ ተከሳሹ ግን በአንድ ዓይን ወደ ጎን ቆሟል። ምስክሩ ገና እጁን ወደ መስቀሉ ዘርግቶ መማሉ ነው፤ ቃሉ አልተሰማም።

«ወንድማችን፣ ይህ ሰው መቼ ተፈረደበት?» ብለን ጠየቅነው።

ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ ለሁሉ ሁለት ዓይን ከሰጠሁ ተመልካቹ ማንን ከማን ይለያል?» አለን።

መልሱ ቀላል አይደለም። ደግና ክፉን አስተካክሎ የሚሥል ሠዓሊ ከዳኝነት ሸሸ እንጂ ርኅሩኅ ሆነ አይባልም። ነገር ግን የቀድሞው ሠዓሊ ይሁዳን በአንድ ዓይን ሲሥለው ፍርዱን ራሱ አልፈረደም፤ የተፈረደውን ገለበጠ እንጂ። የዛሬው ሠዓሊ የማያውቀውን ሰው ሲሥል ግን ከሳሽም ምስክርም ዳኛም ራሱ ነው። የአባቶችን ብሩሽ መውረስ የአባቶችን እርግጠኝነት መውረስ አይደለም። (በየመሥሪያ ቤቱ የምንቀመጥ ሰዎች በዚህ አንመጻደቅ፤ ባለ ጉዳዩ በበሩ ሳይገባ መዝገቡን ብቻ አይተን ስንቱን በአንድ ዓይን ሥለነዋል!)

ዘይቱ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ከፍቶለታል ብለን እናምናለን። ፊት ሙሉ በሙሉ ሳይገለጥ፣ ሙሉ በሙሉም ወደ ጎን ሳይዞር፣ ሁለተኛው ዓይን በጥላ ውስጥ ሆኖ በጥቂቱ ብቻ ሊታይ ይችላል። ቶሎ በሚደርቀው ቀለም እንዲህ ያለውን ጥላ ማግኘት እጅግ አድካሚ ነበር። ሠዓሊው ሐሳባችንን ሰምቶ ወዲያው አልተቀበለንም፤ «ይህ የፈረንጅ ፊት ይሆንብኛል» አለ። ፍርሃቱን እንረዳለን፤ ጥላ በበዛ ቁጥር ሥዕለ አድኅኖው ከሸራው ላይ እየራቀ ይሄዳልና። እኛም በዚህ በኩል ልናጽናናው አልቻልንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ የተከሳሹን ራስ ፍቆ፣ ወደ ምስክሩ ጥቂት አዙሮት አገኘነው። ጥቁሩን መስመር አልተወም። ሁለተኛው ዓይን ገና እርጥብ ስለ ነበረ ጣታችንን እንዳናስጠጋ አስጠነቀቀን።