የወጋ ቢረሳ

ከአምስተርዳም ተነሥቶ ወደ ሮተርዳም በባቡር የሚጓዝ ሰው ሌይደንን፣ ሄግንና ደልፍትን ያልፋል። በመስኮቱ የሚታየው ለጥ ያለ መስክ፣ የውኃ ቦይና የሚግጡ ላሞች ናቸው፤ ጦርነትን የሚያስታውስ አንዳች ነገር የለም። ይሁንና ይህ አጭር መንገድ የባለስቲክ ሚሳይልን ታሪክ ይዞ የተኛ ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1944 ለንደንን የመታው የመጀመሪያው ቪ-2 ሚሳይል የተወነጨፈው በሄግ አጠገብ ካለችው ከቫሰናር ነበር፤ ሦስት ሰዎች ገደለ። ማርች 3 ቀን 1945 ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በሄግ ደን የተሸሸጉትን ማስወንጨፊያዎች እናጠፋለን ብለው ዒላማቸውን ሳቱና የቤዛውደንሃውትን ሰፈር ደበደቡ። ከ500 በላይ ሰዎች አለቁ።

በዚሁ መንገድ ላይ ሌላም ታሪክ አለ። በሌይደን የተገጣጠመው ትሮፖሚ የተባለው የአየር ብክለት መለኪያ ኦክቶበር 13 ቀን 2017 ወደ ሕዋ የወጣው ሮኮት በተባለ የሩሲያ ሮኬት ነው። ሮኮት ቀድሞ ስድስት የኑክሌር ቦምቦች እንዲሸከም የተሠራ ሚሳይል ነበር። የቦምቡን ማኖሪያ አንሥተው ሳተላይት የሚያደርስ ሦስተኛ ደረጃ ገጠሙበት፤ የታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። በደልፍት ዩኒቨርሲቲ የተሠራችው ደልፊ-ኔክስት፣ ሦስት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሳተላይት፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2013 የወጣችው በድኔፕር ነው። ድኔፕርም ምዕራባውያን «ሰይጣን» ብለው የሰየሙት ሚሳይል ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ለእልቂት የተሠራ ነገር በመልካም አገልግሎት ይነጻልን?

ይነጻል የሚል ሰው የሚናቅ ክርክር የለውም። ብረት ኃጢአት የለበትም። በአገራችንም የጥይት ቀለሃ ቀልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሲሆን አይተናል፤ ያን መስቀል የሚስም ሰው ቀለሃው ማንን እንደ ገደለ አይጠይቅም። ትሮፖሚ የሮተርዳምን ወደብ ጭስ በሚለካበት ዓይን የአዲስ አበባንም ጭስ ይለካል። ሚሳይሉ በጉድጓዱ ውስጥ ቦምቡን እንደ ተሸከመ ከሚያረጅ ይህን ቢያደርግ ይሻላል። እኔም እዚህ ድረስ እስማማለሁ።

የማልስማማው «ነጻ» በሚለው ቃል ነው። የተለወጠው የሮኬቱ አናት ብቻ ነው፤ አናት ደግሞ ተመልሶ ይለወጣል። «ሰይጣን» የተሠራባት የዩክሬን ከተማ ድኒፕሮ፣ ደልፊ-ኔክስት በወጣች ልክ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2024፣ ከሩሲያ በተተኮሰ አዲስ ባለስቲክ ሚሳይል ተመታች። ማረሻ የሆነው ሰይፍ አንጥረኛው ሳይለወጥ ቢቀር ሌላ ሰይፍ ይቀጠቀጣል።

ከዚህ የሚከፋው መርሳት ነው። የቪ-2ን ሥራ የመራው ቬርነር ፎን ብራውን ኋላ በአሜሪካ ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰውን ሮኬት ሠራ፤ ዓለምም አጨበጨበ። ቪ-2ን በሚተልባው-ዶራ ካምፕ በባርነት ሲሠሩ ያለቁትን በሺህ የሚቆጠሩ እስረኞች ግን ስንቱ ያስታውሳቸዋል? የጨረቃው ድል የዶራን ዕዳ አልከፈለም፤ ከዓይን ሰወረው እንጂ።

እኛ በዚህች አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ከሌላው በተሻለ ልንረዳው ይገባን ነበር። ዲሴምበር 15 ቀን 2017፣ ትሮፖሚ ከወጣ ሁለት ወር እንዳለፈ፣ የሄግ ፍርድ ቤት በአንድ የቀድሞ የደርግ ሹም ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ሰውየው ብዙ ዓመት እዚህ ኖሯል፤ የኔዘርላንድ ዜግነትም ወስዷል። የተፈረደበት ግን በ1978 በደብረ ማርቆስ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ተገደሉት 75 እስረኞችና ስለ ሌሎችም ወንጀሎች ነው። በ2022 የይግባኙ ችሎት ፍርዱን አጸናው። ጸጥ ያለ ኑሮ አዲስ ኑሮ ነው፤ መልስ ግን አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በብረትና በሰው መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። ብረት ሳይጸጸት ሥራውን ሊለውጥ ይችላል፤ ከዚያ በላይም አንጠይቀውም። ከሰው ግን ኑዛዜ እንጠብቃለን። በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ የሰሜኑን ጦርነት ለማቆም ስምምነት ሲፈረም ስለ ትጥቅ መፍታት ብዙ ተነገረ፤ ደግ ነው። ነገር ግን ጠመንጃው ከእጅ ቢወጣ፣ ተኳሹ ወደ እርሻው ቢመለስ፣ ማን ማንን እንደ ገደለ የሚናገር ካልተገኘ፣ የለወጥነው አናቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሮኬቱ ሳተላይቱን ያድርስ፤ አገልግሎቱንም በምስጋና እንቀበል። የቤዛውደንሃውትንና የደብረ ማርቆስን ሙታን ግን በዚያ አገልግሎት አናጣፋቸው። የእነሱን ዕዳ የሚከፍል ሮኬት እስካሁን አልተሠራም።