እውነተኛ ሰው ሐሰት ሊመሰክር ይችላልን?

ሐሰተኛ ምስክር ሲባል በሰው ሁሉ ልብ የሚታሰበው፥ ጉቦ ተቀብሎ ወይም ወገኑን ሊረዳ ፈልጎ፥ ነጩን ጥቁር ነው ብሎ የሚምል ክፉ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ አይካድም፤ በእርሱም ላይ ሕግም ሕሊናም ይፈርዱበታል። ዳሩ ግን በሽምግልና ጉባኤ ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግር ነገር ብዙ ጊዜ ይታያል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ወሰን ሲካለል በአንድነት ቆመው ያዩ ሁለት ሽማግሌዎች ለምስክርነት ይጠራሉ። ሁለቱም በአገራቸው የተመሰገኑ፥ ከማንም ወገን ጥቅም የማይፈልጉ ናቸው። አንደኛው ወሰኑ ከወይራው በላይ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ከወይራው በታች ነው ይላል። ሁለቱም ይምላሉ፤ ሁለቱም የሚናገሩትን ከልባቸው ያምናሉ። ወሰኑ ግን አንድ ስለ ሆነ ከሁለቱ አንዱ ያልሆነውን መስክሯል። እንግዲህ ይህ ሰው ዋሽቷልን? ካልዋሸስ፥ ባልዋሸ አንደበት የወጣው ሐሰት በማን ላይ ይቈጠራል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት አስቀድሞ ማስታወስ ምን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

የጽርዕ ፈላስፋ አፍላጦን «ቴአይቴቶስ» በተባለው መጽሐፉ፥ መምህሩን ሶቅራጥስን ሲያናግር፥ በሰው ነፍስ ውስጥ እንደ ሰም ያለ ነገር እንዳለ፥ የታየውና የተሰማውም እንደ ማኅተም በዚያ ላይ እንደሚታተም አስመስሎ ጽፏል። ሰሙ መልካም በሆነለት ሰው ማኅተሙ ይቈያል፤ ሰሙ በለሰለሰበት ወይም በጠነከረበት ሰው ግን ማኅተሙ ይደበዝዛል። ምሳሌው ያማረ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስበው እንደዚሁ ነው። ይኸውም አንድ ጊዜ የታተመ ነገር ወይ ሳይለወጥ ይቈያል፥ ወይ ፈጽሞ ይጠፋል እንጂ ሦስተኛ ነገር አይደርስበትም ማለት ነው። ምሳሌው የጐደለው በዚህ ላይ ነው፤ የሁለቱ ሽማግሌዎች ነገርም የሚፈታው በዚሁ በሦስተኛው ነገር ነው።

ማስታወስ አንድ ሥራ መስሎ ይታያል እንጂ ሦስት ሥራ ነው፤ መቀበል፥ ማኖርና ማውጣት። በእህል ቢመስሉት፥ ከአውድማ ወደ ጎተራ እንደ ማስገባት፥ በጎተራ እንደ መጠበቅና ለቀለብ እንደ ማውጣት ነው። እህሉም በሦስቱ ሥራ ሁሉ ሊጐድል ይችላል።

የመቀበል ደጅ ጠባብ ነው። አማርኛ ይህን ሥራ «ልብ ማለት» ይለዋል፤ ዐይን ያየውን ሁሉ ልብ አይለውምና። በሠርግ ቤት የዋለ ሰው የሙሽራው ካባ ምን ዐይነት እንደ ነበረ ተጠይቆ መልስ ቢያጣ፥ ረሳው ማለት አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ስላልተቀበለው የሚረሳው ነገር የለውም። ልብ የተባለውም ቢሆን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይገባም። አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር በ1956 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) እንዳሳየው፥ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ወዲያው ሊደግማቸው የሚችላቸው ነጠላ ነገሮች 7 ያህል ናቸው፤ ቢበዙ በሁለት ይበልጣሉ፥ ቢያንሱ በሁለት ይጐድላሉ። ነገር ግን ነጠላውን በነዶ አስሮ የሚይዝ ሰው ብዙ ሊሸከም ይችላል። ፊደል የቈጠረ ሕፃን ሰባት ፊደል ሲከብደው፥ ንባብ የዘለቀው ተማሪ ሰባት ቃል ይይዛል፤ ቅኔ ያወቀው ደግሞ ሙሉ ቤት እንደ አንድ ነገር አድርጎ ይይዛል።

ስለ ማኖር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የተገኘው ከአንድ ሰው መከራ ነው። ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ ከሚጥል በሽታ ለመዳን ሲል በ1953 ዓ.ም. አንጎሉን በቀዶ ሕክምና ታከመ፤ በቀኝና በግራ ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ብዙው ተቈርጦ ወጣ። በሽታው ቀለለለት፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር በልቡ አልቈይ አለ። የልጅነቱን ዘመን ያስታውስ ነበር፤ ብዙ ዓመት የመረመረችውን ሊቅ ብሬንዳ ሚልነርን ግን በተገናኙ ቍጥር እንደ እንግዳ ሰው ይቀበላት ነበር። በመስተዋት እያየ የኮከብ ሥዕል በእርሳስ እንዲከተል ባለማመደችው ጊዜም፥ እጁ ከቀን ወደ ቀን እየሠለጠነ ሲሄድ፥ እርሱ ግን ከዚያ በፊት መለማመዱን አያውቅም ነበር። በ2008 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ኖረ። ከዚህም የተነሣ፥ እጅ የሚያስታውሰውና ልብ የሚያስታውሰው በአንድ ጎተራ እንደማይኖሩ ታወቀ። ሥነ ምግባርን ለሚመረምር ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይታየዋል፤ የረዳውን ሰው ፊት የረሳ ሁሉ ውለታ ቢስ አይደለም፤ መርሳት ሁሉ የፈቃድ ሥራ አይደለምና።

ጤነኛ ሰውስ እንዴት ይረሳል? የጀርመኑ ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ይህን በገዛ ራሱ ላይ ፈተነ። ትርጕም የሌላቸውን ቃላት ፈጥሮ በረድፍ በረድፍ በቃሉ ያጠና ነበር፤ ጊዜ ካለፈም በኋላ ያንኑ ረድፍ እንደ ገና ሲያጠና ከቀድሞው ድካም ምን ያህል እንደ ተረፈለት ይለካ ነበር። በ1885 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ የተረፈለት ድካም ከ20 ደቂቃ በኋላ ከመቶ 58 እጅ፥ ከ1 ሰዓት በኋላ 44 እጅ፥ ከ1 ቀን በኋላ 34 እጅ፥ ከ31 ቀን በኋላ 21 እጅ ያህል ነበር። እንግዲህ መርሳት በመጀመሪያ እንደ ፈረስ ይጋልባል፤ በኋላ ግን እንደ ሽማግሌ ያዘግማል።

የአብነት ትምህርት ቤት መምህራን ይህን በቍጥር ሳይለኩት በሥራ ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ መምህሩ የነገረውን ቅኔ ይቀጽላል፤ ራሱም ቈጥሮ ያገኘውን፥ ከሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ እስከ መወድስ ድረስ፥ በቃሉ ይዞ ለመምህሩ ይነግራል። ብራና ገልጦ ደጋግሞ ማየት ብቻውን ተማሪን አያጸናውም፤ የሚያጸናው ሳያዩ ከልብ ማውጣት ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2006 ዓ.ም. ይህንኑ ፈትነው አገኙት። ተማሪዎች ካነበቧቸው ጽሑፎች አንዱን ደግመው እንዲያነቡ፥ ሌላውን ግን ሳያዩ የያዙትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠላቸው፤ ከ1 ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት ከመቶ 42 እጅ፥ ሳያዩ ካወጡት ከመቶ 56 እጅ ያስታውሱ ነበር።

እዚህ ላይ ግን በጣም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተማሪው የያዘውን የሚያወጣው በመምህሩ ፊት ነው፤ አንድ ቃል ቢስት መምህሩ ወዲያው ያርመዋል፤ የሚጸናውም የታረመው ነው። ያየውን ነገር በቤቱ፥ በገበያ፥ በለቅሶ ቤት ደጋግሞ የሚያወራ ሰው ግን አራሚ የለውም። በተናገረ ቍጥር ነገሩ ይጸናለታል፤ ነገር ግን አረም ከእህሉ ጋር በአንድ ዝናብ እንደሚያድግ፥ ስሕተቱም ከእውነቱ ጋር አብሮ ይጸናል። ሠላሳ ዓመት ሲናገረው የኖረውን ነገር በመጨረሻ ሲምልበት፥ መሐላው የሚያረጋግጠው ያየውን ነገር ነው ወይስ ሲናገር የኖረውን ነገር? ይህን እርሱ ራሱ ሊለየው አይችልም።

ምክንያቱም ሦስተኛው ሥራ፥ ማውጣት የተባለው፥ የተጻፈ መጽሐፍን ገልጦ እንደ ማንበብ አይደለም፤ ቅኔ እንደ መቍጠር ነው። በቅኔ ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል፤ አድማጩም ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያገኛል። በማስታወስም ጊዜ የነገሩ ፍሬ እንደ ወርቅ ሲቀር፥ ዝርዝሩ እንደ ሰም ይቀልጣል፤ አስታዋሹም ሳይታወቀው በቀለጠው ፈንታ አዲስ ሰም ያፈስበታል። ከላይ ሦስተኛ ነገር የተባለው ይህ ነው፤ አልቈየም፥ አልጠፋም፥ ተለወጠ እንጂ። አዲሱ ሰምስ ከየት ይመጣል? ከልማድ ይመጣል፤ ከሌላም ሰው ቃል ይመጣል።

ከልማድ መምጣቱን እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አሳይቷል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብቦ፥ ከጊዜ በኋላ እንዲያወሩት ባደረገ ጊዜ፥ ለእነርሱ እንግዳ የሆነው ነገር እየወጣ በሚያውቁት ነገር ይተካ ነበር፤ በተረቱ ያለው ታንኳ በአንደበታቸው ተራ ጀልባ ሆነ። ማንም ሊያታልል አልፈለገም፤ ልባቸው ግን ተረቱን ወደ አገራቸው አስገባው።

ከሌላ ሰው ቃል መምጣቱን ደግሞ ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካ ፈተኑት። አውቶሞቢሎች ሲጋጩ የሚያሳይ ፊልም ለተማሪዎች አሳይተው፥ ለአንዳንዶቹ «ሲመታቱ» በሚል ለስለስ ያለ ቃል፥ ለሌሎቹ «ሲከሰካከሱ» በሚል ብርቱ ቃል ስለ ፍጥነታቸው ጠየቋቸው። ከ1 ሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስተዋት አይታችኋልን?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ፥ ብርቱውን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ፥ ለስላሳውን ከሰሙት 50 ሰዎች ግን 7ቱ አይተናል አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስተዋት አልነበረም። እንግዲህ መስተዋቱን የሰበረው የጠያቂው ቃል ነው።

ይህ ነገር በተማሪዎች ፈተና ብቻ ቢቀር ኖሮ ብዙ ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን በ1984 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና አገር፥ አንዲት የ22 ዓመት ተማሪ በሌሊት ወደ ቤቷ በገባ ሰው ተደፈረች። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና፥ በኋላ ለፍርድ ታቀርበው ዘንድ ፊቱን አጥብቃ ትመለከት ነበር። ፖሊስ ካሳያት ፎቶግራፍ አንዱን መረጠች፤ ከዚያም በሰልፍ ከቆሙት ሰዎች ያንኑ ሰው ለየች፤ በፎቶግራፍ የመረጠችውም እርሱ እንደ ሆነ ተነገራት። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬዋ ሁሉ ጠፋ። በ1985 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ቆማ መሰከረች፤ ሰውየውም ታሰረ። በ1987 ዓ.ም. ነገሩ እንደ ገና ሲታይ እውነተኛው ወንጀለኛ በፊቷ ቢቆምም አይቼው አላውቅም አለች፤ የልቧ ፊት ቀድሞ በሌላ ፊት ተተክቶ ነበርና። በ1995 ዓ.ም. በዲ ኤን ኤ ምርመራ እውነቱ ሲገለጥ፥ ንጹሑ ሰው ከዐሥር ዓመት በላይ በወኅኒ ከቈየ በኋላ ወጣ።

ይህች ሴት ውሸታም ናትን? ማንም እንዲህ ሊል አይችልም። የደረሰባት ግፍ እውነት ነበረ፤ ያየችውም ፊት ነበረ፤ የጠቈመችው ፊት ግን ሌላ ነበረ። ወርቁ እውነት ሆኖ ሳለ ሰሙ ሐሰት ሆነ። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ፥ አዎን፥ እውነተኛ ሰው ሐሰት ሊመሰክር ይችላል የሚል ነው።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «ይህ አነጋገር ለበደለኛ መሸሻ ይሆናል፤ በደለኛ ሁሉ አላስታውስም ይላል፥ የተበደለውንም ተሳስተሃል ይለዋል» ብሎ ይቃወም ይሆናል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። አባቶች «ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳ» ያሉት በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ተረቱ የሚለው ተወጊው መወጋቱን አይረሳም ነው እንጂ፥ የጦሩን መልክና የወጊውን ልብስ አይሳሳትም አላለም። የተበደለ ሰው ተበድያለሁ ሲል ሊደመጥና ሊታመን ይገባዋል፤ ማን፥ የት፥ መቼ የሚለው ግን በሌላም ማስረጃ ሊመረመር ይገባል። ይህም ምርመራ ለእርሱ ለራሱ ይጠቅመዋል፤ ንጹሕ ሰው በታሰረ ጊዜ እውነተኛው በደለኛ በነጻ ይመላለሳልና። አላስታውስም የሚለውም ቢሆን በዚህ ቃል ነጻ አይወጣም፤ የራሱ ልብ እንደሚሳሳት ካወቀ የተበደለውን ሰው የመስማት ዕዳ አለበት።

እንግዲህ ሳያውቅ የሳተ ሰው በውሸት አይከሰስም፤ ዕዳው ሌላ ነው። ልቡ ሊሳሳት እንደሚችል እያወቀ እንደማይሳሳት ሆኖ ቢናገር፥ ያን ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ ይሆናል። እውነተኛ መሆን ማለት ያመኑትን መናገር ብቻ አይደለም፤ ያዩትን ከሰሙት፥ የሰሙትን ከገመቱት ለይቶ መናገር ነው። ዳኛም በበኩሉ የምስክሩን ድፍረት እንደ ማስረጃ አድርጎ አይቍጠር፤ ቃሉም ገና ትኩስ ሳለ፥ ሌላ ሰው ሳይጨምርበት፥ ይጻፍ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል መባሉ ለዚህም ነው።

በሰሜን ካሮላይና የነበረችው ሴት ሰውየው ከወኅኒ በወጣ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ፈልጋ አገኘችው፤ ይቅርታም ለመነችው፤ እርሱም ይቅር አላት። በ2009 ዓ.ም. ታሪካቸውን በአንድነት በመጽሐፍ አሳተሙ። እርሱ ዐሥሩን ዓመት አልረሳም፤ እርሷም ስሕተቷን አልረሳችም፤ ይቅርታ መርሳት አይደለምና።

ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቢመለሱ፥ የወይራው ላይና ታች ዛሬም አልታረቀም ይሆናል። ነገር ግን አንደኛው ከመማሉ በፊት «እኔ እንደማስታውሰው» የምትለውን ቃል ቢጨምር፥ ሁለተኛውም ባልንጀራውን ውሸታም ከማለቱ በፊት የወሰኑ ድንጋይ ይቈፈርና ይታይ ቢል፥ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ስማቸውና ወዳጅነታቸው ሳይጐድል ወደ ቤታቸው ይገባሉ።