በማድጋ የቀረው እፍኝ ዱቄት

የቤተ ሰብ ፍቅር የሚፈተነው መሶቡ በሞላበት በበዓል ቀን ሳይሆን፥ ፀሐይ ገብታ ልጆች እራት በሚጠብቁበት፥ እናትም ማድጋዋን ከፍታ ከሥሩ እፍኝ ዱቄት ብቻ በምታገኝበት ምሽት ነው። የከተማው ሰው ማቀዝቀዣው ባዶ ሲሆን፥ የገጠሩም ሰው ጎተራው ሲራቆት ፈተናው አንድ ነው። በዚያች ሰዓት ባል ቢያጕረመርም፥ ሚስትም ብታማርር፥ ልጆች ረኃቡን ሳይሆን ጠቡን ይዘው ያድራሉ።

ስለዚህ የሰራፕታዋን መበለት እናስብ። በአንደኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈ፥ ነቢዩ ኤልያስ በመጣ ጊዜ እርስዋ የመጨረሻውን ምግብ ከልጅዋ ጋር በልታ ሞትን ለመጠበቅ እንጨት ትለቅም ነበር። እግዚአብሔርም ማድጋዋን አስቀድሞ አልሞላላትም፤ ካላት እፍኝ ዱቄት እንድትጋግር አደረገ እንጂ። በረከቱ የመጣው ባላት ነገር ሥራ በጀመረች ጊዜ ነው።

በደቡብ ኦሞ፥ በሳላማጎ ወረዳ፥ በሃና ከተማና በአካባቢዋ ላሉ ሰዎች ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በኦሞ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ቦዲና ሙርሲ፥ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ለም ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ይፋ በሆነው በኩራዝ ስኳር ልማት ሰፊ መሬት ለሸንኮራ አገዳ ዋለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላም ያ ዓመታዊ ሙላት እንደ ቀድሞው አልመጣም። እንግዲህ ባዶ ማድጋ ሁሉ የስንፍና ምልክት ነው የሚል ሰው፥ ሳይመረምር ይፈርዳል።

የዚያ አገር እናቶች ግን ከጥቂት ነገር እራት ማውጣትን ያውቃሉ። በደቡብ ኦሞና በኮንሶ ቆላ ሺፈራው የሚባለው ዛፍ በጓሮ ይተከላል፤ ቅጠሉም በበጋ ይገኛል። ቅጠሉን ለቅሞና አጥቦ በጨው መቀቀል፤ የተገኘውን የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት በጥቂት ውሃ አሽቶ፥ በትንንሹ አድቦልቡሎ በሚፈላው ላይ መጣል፤ ሊጡ እስኪበስልም አብሮ ማፍላት ነው። ሥጋና ቅቤ የሌለበት ስለ ሆነ በረቡዕና በዓርብም ይበላል። ሺፈራው በሌለበት ጎመን ይተካዋል፤ ዱቄት በሌለበትም ያደረ እንጀራ በሽሮ ይፈተፈታል። አባት እንጨት ያቅርብ፥ ልጆችም ቅጠል ይልቀሙ፤ እናት ብቻዋን አትጨነቅ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ጾም ማለት ምግብ እያለ ስለ እግዚአብሔር ብሎ በፈቃድ መተው ነው፤ ረኃብ ግን ያለ ፈቃድ ይመጣል። የተራበውን ጎረቤት «እንደ ጾም ቍጠረውና ታገሥ» ማለት ጾምን ማቃለል ነው። ጌታችን ባስተማረን ጸሎት የምንለምነው የእኔን ሳይሆን የእኛን እንጀራ ነው። ስለዚህ የእኛ ቤት ጢስ ሲወጣ የጎረቤታችን ምድጃ ቀዝቅዞ ካየን፥ የለመንነው እንጀራ ገና ለሁላችን አልደረሰም። ከድስታችን አንድ ጭልፋ ይሂድለት፤ ሲላክም ተቀባዩ እንዳያፍር በስውር ይሁን። የቸገረውም ሰው ለመጠየቅ አይፈር፤ ኤልያስ ነቢይ ሲሆን ከድኻ መበለት ለምኖ በልቶአልና።

ደግሞም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፥ ጌታ በ5 የገብስ እንጀራና በ2 ዓሣ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። ብዙውን ከጥቂቱ ማውጣት የሚቻለው ጌታ ፍርፋሪን ካልናቀ፥ እኛ በጥጋብ ቀን ትራፊውን የምንጥለው በምን ሥልጣን ነው? የዛሬው ትራፊ የነገው እራት ነው።

እንግዲህ ጥቂቱን ማዕድ ባርከን፥ በሰላም ተካፍለን፥ አመስግነን እንነሣ። ማድጋችንን ከበረከቱ፥ ልባችንንም ከፍቅሩ አያጕድልብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።