ጫካ ከመግባትህ በፊት

ልጄ፣ ለኅዳር መቱ እመጣለሁ ብለሃል፤ ወሩን አውቀህበታል። እኛ ጋ ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት አይለቀንም። ነሐሴ ላይ ብትመጣ ከጭቃው ጋር ስትታገል ትውል ነበር። እንደ መጣው እንግዳ ሁሉ «ሶር ፏፏቴን አሳየኝ» ማለትህ አይቀርም። ፏፏቴው የትም አይሄድም። እኔን የሚያሳስበኝ ወደዚያ ስትጣደፍ ሳታየው የምታልፈው ጫካ ነው።

የያዩ ጫካ ፓርክ አይደለም፤ አጥርና ትኬት ቆራጭ አትጠብቅ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ 167,021 ሄክታር ነው። ከዚህ ውስጥ እንዳይነካ የተተወው መሐሉ ወደ 28 ሺህ ሄክታር ብቻ ነው፤ በቀረው ሰው ይኖርበታል፣ ቡና ይለቅምበታል፣ ቀፎ ይሰቅልበታል።

ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ጎረምሳ ሳለሁ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይዤ ገባሁ። እንግዳዬ የቀላ ቡና እየቀጠፈ መምጠጥ ጀመረ፤ አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ ኋላ እፍኙን ሞላ። ዋንዛ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እሱን ምንም አላሉትም። እኔን ጠርተው በኦሮምኛ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ለካ ማንም ሳይተክለው የበቀለ የሚመስለን ቡና ባለቤት አለው፤ ድንበሩ በዚህ ብሳና፣ በዚያ ጅረት ተብሎ በጎረቤት ዘንድ የታወቀ ነው። ባለቤቱ ለቀማ ሳይደርስ ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ ትልልቁን ዛፍ ለጥላ ይተወዋል። ጫካው እስካሁን የቆመው በዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ የሰፈሩን ሰው ሳትይዝ አትግባ። የሱሪህን ጫፍ ካልሲህ ውስጥ ክተት፤ ጉንዳን እንግዳ አያከብርም። ሽቶህንም እዚያው አዲስ አበባ ተወው፣ ቀፎ ሥር ነው የምታልፈው።

ባለፈው በስልክ «74110» የተጻፈበት ቡና ገዛሁ ብለኸኝ፣ ቁጥሩ ምንድን ነው ብልህ «ኮድ ነው» አልከኝ። ስማ እንግዲህ። በ1960ዎቹ የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ፍሬውን ሳይበስል እያጠቆረ ያረግፈው ጀመር። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚችል ዛፍ ፍለጋ የቡናውን አገር ዞሩ። በፈረንጅ 1974 ከመረጧቸው እናት ዛፎች መካከል የ74110 እናት የተገኘችው እዚሁ መቱ፣ ቢሻሪ ላይ ነው፤ የ74112ም እንደዚሁ። ፊት ያሉት ሁለት ቁጥሮች ዓመቱ ናቸው። አንተ አራት ኪሎ ቁጭ ብለህ የምትጠጣው የጎረቤቴን ጓሮ ነው እኮ!

ሶርን ከሰዓት እናየዋለን፤ ከበቾ ወዲያ በእግር ነው። ጠዋቱን ግን አንድ ቡና ሥር ቁጭ ብለህ ታሳልፋለህ፣ ጉሬዛውም ዝም ካልክለት ራሱ ይመጣል። ለምንገባበት ቤት ስኳርና ሳሙና ያዝ። በቅቤ የተቆላ ቡና ቀላ ካቀረቡልህ እምቢ እንዳትል። «የማን ልጅ ነህ?» ያሉህ እንደሆነ የእኔን ስም ጥራ፤ ግን መጀመሪያ ኪስህ ውስጥ ቀይ ፍሬ አለመኖሩን ፈትሽ።