ስሙ ያልታወቀ ሙት የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በኦሪት ዘዳግም በሃያ አንደኛው ምዕራፍ አንድ ሥርዓት ተጽፎ እናገኛለን። ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ወድቆ ቢገኝ፥ ሽማግሎችና ዳኞች ወጥተው ከሬሳው ጀምሮ በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ድረስ ርቀቱን ይለኩ ነበር። የቀረበችውም ከተማ ሽማግሎች ጊደር ወስደው፥ ውኃ በሚፈስበት ሸለቆ አንገቷን ሰብረው፥ እጃቸውን ታጥበው፥ ከዚያ ደም ንጹሓን መሆናቸውን በእግዚአብሔር ፊት ይመሰክሩ ነበር። የሥርዓቱ ምሥጢር ግልጥ ነው። በመንገድ ዳር የወደቀ ሬሳ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ አይቈጠርም፤ በቅርብ ያለ ሁሉ ስለ እርሱ ይጠየቃል።

ነገር ግን ሕጉ ስለ ደሙ ሲደነግግ፥ የሟቹን ስም ማን ይፈልግ እንደ ሆነ አይነግረንም። እኛም ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው ይህን ነው። ዳኛ ያልሆነ፥ መርማሪ ፖሊስ ያልሆነ፥ ሐኪምም ያልሆነ አንድ ተራ ሰው፥ የማያውቀውን ሙት ማንነት ለማወቅ ቢደክም ምጽዋት ነውን? ወይስ ባልተሾሙበት ሥራ መግባት ነው?

ጥያቄው ወደ እኛ የመጣው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ፥ እንዲሁም በሒርና፥ በበዴሳ፥ በገለምሶና በሚኤሶ፥ ልጃቸውን ወደ ባሕር ማዶ ሸኝተው ወሬውን የሚጠባበቁ ብዙ ቤቶች አሉ። ወጣቶቹ ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ፤ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፥ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሻገር ይሞክራሉ። በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ባለው አጭር ጊዜ ብቻ፥ ከየመን ኢትዮጵያውያንን ይዘው የሚመለሱ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ዳርቻ ሰጠሙ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ፥ አብዛኞቹ ወገኖቻችን የሆኑ ከ150 የሚበልጡ ሰዎችን የጫነ ጀልባ በየመን በአብየን ጠረፍ ተገልብጦ፥ ከዘጠና በላይ ነፍስ ጠፋ። ባሕር የተፋቸው አስከሬኖች ብዙ ጊዜ ስም ሳይጻፍላቸው በዚያው አሸዋ ይቀበራሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የንስሐ ልጃችን እያለቀሰች ወደ ቤታችን መጣች። ልጇ በባሕር መንገድ ከሄደ ወራት አልፈውት ነበር። በዳርቻው የሚኖር አንድ የአገር ልጅ፥ ቤተ ሰብ እንዲያውቀው ብሎ በቅን ልቡና፥ ባሕር የተፋውን የአንድ ጎልማሳ አስከሬን ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ ወደ አገር ሰድዶት ነበር። ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከእርስዋ ደረሰ። «አባቴ፥ ሸሚዙ እኔ የገዛሁለት ነው፤ ልጄ ነው፤ ይፍቱልኝ» አለችን። ፊቱ በጨው ውኃ ተበላሽቶ እንደ ነበረ አይተናል። ሌላ ምልክት ልንጠይቅ፥ አብረውት የሄዱትን ልናስጠይቅ ይገባን ነበር። እኛ ግን እንባዋን አይተን ቸኰልን። በክርስትና ስሙ ጸሎተ ፍትሐት ደረሰለት፤ ድንኳን ተተከለ፤ በአርባው ቀን ተዝካሩ ወጣ። በስድስተኛው ወር ልጁ በየመን ታስሮ ከነበረበት ቤት ስልክ ደወለ።

ደስታው ታላቅ ነበር፤ እኛም እግዚአብሔርን አመሰገንን። ነገር ግን ዘግይቶ አንድ ሐሳብ ልባችንን ወጋው። ያ በአሸዋ የተቀበረው ጎልማሳ እንግዲህ ማን ነበር? እኛ የሌላ ሰው ስም ስለ ሰጠነው፥ ስድስት ወር ሙሉ የፈለገው አልነበረም። ፎቶግራፉንም ብንጠይቅ፥ እናቲቱ ማየቱን ስላልቻለች ከስልኳ አጥፍታው ነበር፤ የላከውንም ሰው አላገኘነውም። የሟቹ እናት ምናልባት በሒርና፥ ምናልባት በገለምሶ ሆና ደጅ ደጁን ታያለች። የሙስሊም ጎረቤታችንም ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ወገን አይለይም። በችኰላችን ሕያዉን ከሙታን ጋር ቈጠርነው፤ ሙቱንም ከስሙ ለየነው።

ይህ ስሕተት በእኛ አልተጀመረም። የዮሴፍ ወንድሞች ቀሚሱን በፍየል ደም ነክረው ለአባታቸው በሰደዱ ጊዜ፥ የልጁ እንደ ሆነ እንዲለይ ራሱን ጠየቁት። ያዕቆብም ልብሱን ለየ፤ ልብሱ በእውነት የዮሴፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያላየውን ጨመረ፤ ክፉ አውሬ በልቶታል አለ። ማቅ ለብሶ ብዙ ዘመን ሲያለቅስ ልጁ በግብፅ በሕይወት ነበር። ያዕቆብን ያህል የእግዚአብሔር ሰው፥ አባትም ሆኖ፥ በአንድ ቀሚስ ምልክት ከተሳሳተ፥ እኛ በአንድ ሸሚዝ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል? ከዚህም ጋር፥ ቀሚሱን ያመጡት እነማን እንደ ነበሩ እናስተውል። ዛሬም በስደተኞች ቤተ ሰብ ኀዘን ገንዘብ የሚሰበስቡ ደላሎች አሉና፥ ማስረጃውን ያመጣው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ኀጢአት አይደለም።

ይህን የሚሰማ ሰው፥ «እንግዲያስ ፍለጋውን ለመንግሥት ትቶ ዝም ማለት ይሻላል» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ጦቢት በነነዌ የወገኖቹን ሬሳ በሌሊት ሲቀብር ማንም አልሾመውም፤ እንዲያውም ንጉሡ ጠልቶት ሀብቱን አጣ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ዳር የወደቀውን ቍስለኛ ያነሣው ሳምራዊም የማንም ሹም አልነበረም። ሙትን መቅበር የምሕረት ሥራ ከሆነ፥ ስሙን መፈለግም የዚያው ሥራ ክፍል ነው። ሰው በስሙ ተጠምቋልና፤ በስሙ ቈርቧልና፤ በመጨረሻም ቤተ ክርስቲያን በፍትሐት ጊዜ የምትጠራው በዚያው በክርስትና ስሙ ነውና። ስሙ ካልታወቀ እናት ተዝካር አታወጣም፤ ሚስት ባሏ ይመለሳል ብላ በተስፋና በፍርሃት መካከል ትኖራለች፤ ልጆችም አባት አለን ወይስ የለንም ሲሉ ያድጋሉ።

የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ይህን ኀዘን ያውቀዋል። ቀድሞ የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ይህን አገር ያገለገሉት ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ፥ በ1971 ዓ.ም. በምስጢር ተገድለው፥ መቃብራቸው ለሕዝብ ሳይታወቅ 13 ዓመት ቈየ። በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ባረፈ ጊዜ፥ ምእመናን ያለቀሱት ልቅሶ እንደ አዲስ ሙት ልቅሶ ነበር። ልቅሶ ቦታውን ካላገኘ አያልቅምና።

ደግሞ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር ስለ ክርስትናቸው የተገደሉት ወንድሞቻችን ምስል በታየ ጊዜ፥ ስማቸውን የነገረን አልነበረም። መንግሥትም ዜግነታቸውን እስኪያረጋግጥ ሲጠባበቅ፥ በአዲስ አበባ በቂርቆስ ሰፈር የሚኖሩ ቤተ ሰቦችና አብሮ አደጎች ከመካከላቸው ሁለቱን ለይተው ዐወቁአቸው። ቤተ ክርስቲያንም ሁሉንም ሰማዕታት ብላ ታስባቸዋለች። በ2011 ዓ.ም. በሲርት ከተማ አጠገብ የ34ቱ አስከሬን በአንድ ጕድጓድ ተገኝቷል። እንግዲህ የቂርቆስ ሰዎች ሥራ ከእኛ ሥራ በምን ይለያል? እነርሱ የለዩት ከሕፃንነት ጀምሮ ያወቁትን ፊት ነው፤ እኛ የለየነው በየገበያው የሚሸጥ ሸሚዝ ነው። የእነርሱ ምስክርነት ነበር፤ የእኛ ግምት ነበር።

በውጭ አገርም የተደረገ አንድ ነገር ለትምህርት ይሆነናል። በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1968 በሸራ የተጠቀለለ የአንዲት ወጣት ሴት አስከሬን ተገኘ። ማንነቷ ስላልታወቀ ተቀበረች፤ በመቃብሯም ድንጋይ ላይ «የድንኳን ልጅ» የሚል መጠሪያ ተጻፈ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በቴነሲ ግዛት የሚኖር አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ፥ ታሪኩን አስከሬኗን ካገኘው ከሚስቱ አባት ሰምቶ፥ ዐሥር ዓመት ያህል ስሟን ፈለገ። በመጨረሻም የጠፋች እኅቷን የምታፈላልግ የአንዲት ሴት ማስታወቂያ አገኘ። ምልክቱ ሁሉ የገጠመ ቢመስለውም፥ በራሱ ቃል ብቻ ስም አላወጣላትም። ነገሩ ለቤተ ሰብና ለባለ ሥልጣኖች ቀረበ፤ መቃብሩ በሕግ ተከፈተ፤ የዘር ምርመራ ማለት ዲ ኤን ኤ ከእኅቷ ጋር ተመሳከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 እውነቱ ተረጋገጠ። ትጋቱ የፋብሪካው ሠራተኛ ነበር፤ ፍርዱ ግን የሕግና የምርመራ ሆነ። እንግዲህ ያልተሾመ ሰው ሙት መፈለጉን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ራሱን ምስክርም ዳኛም አድርጎ መቆም የለበትም እንላለን።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚነሣሣ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ይጠብቅ።

አንደኛ፥ ያየውን ከገመተው ይለይ። «ሸሚዙን ዐውቀዋለሁ» ማለትና «ልጁ ነው» ማለት ሁለት የተለያዩ ቃሎች ናቸው። የሙሴ ሕግ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ያዘዘው ስለዚህ ነው። ሐዋርያው ቶማስም የችንካሩን ምልክት በፈለገ ጊዜ ጌታችን ጎኑን አሳየው እንጂ አላባረረውም። ስለ ሙት ምልክት መጠየቅ የፍቅር ጕድለት አይደለም።

ሁለተኛ፥ የሙቱን ክብር ይሸፍን። ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁትነት ሊሸፍኑ የኋሊት እየሄዱ ልብስ ጣሉበት እንጂ አላዩትም። ዛሬ ግን የሙት ገላ በስልክ ከገበያ እስከ ጫት ቤት ይዞራል፤ እናትም የልጇን ሬሳ ከማታውቀው ሰው እጅ ታያለች። ማስረጃ ያገኘ ሰው አስቀድሞ ለፖሊስ፥ ለቀይ መስቀልና ለቅርብ ቤተ ሰብ ያድርስ። ቤተ ሰቡም ቢሆን በሽማግሌና በንስሐ አባት ፊት ይረዳ እንጂ በአደባባይ አይርዳ።

ሦስተኛ፥ የተሳሳተ እንደ ሆነ በግልጥ ይመለስ። የተሳሳተ ስም በሹክሹክታ አይነሣም። በልቅሶ የተሰማው ስሕተት፥ ልቅሶው በተሰማበት ቦታ ሁሉ ሊስተካከል ይገባዋል። እኛም የራሳችንን በደል በዚህ ጽሑፍ የገለጥነው ስለዚህ ነው።

ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ! እናንተ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችና ገጠሮች የምታገለግሉ በተለይ ስሙን። ፖሊስ የሌለው፥ ሐኪምም የሌለው መዝገብ በእጃችሁ አለ። የልጁን የክርስትና ስም የምታውቁ እናንተ ናችሁ። ልጅ ወደ ሩቅ መንገድ ሲነሣ ሊሰናበታችሁ ቢመጣ፥ መክራችሁ መመለስ ካልቻላችሁ፥ ስሙንና የክርስትና ስሙን፥ የሄደበትን ቀን፥ በገላው ያለውን ጠባሳ፥ የጥርሱን ምልክት፥ አብረውት የሄዱትን ሰዎች በደብተር ጻፉ። እናትየዋ ለዘር ምርመራ ደሟን ወይም ምራቋን ብትሰጥ ኀጢአት እንዳልሆነ አስረዱአት። ይህ ትንሽ ደብተር አንድ ቀን በባዕድ አሸዋ ላይ ለወደቀ ልጅ ይመሰክርለታል።

እርግጠኛ ያልሆነች እናት መጥታ «ይፍቱልኝ» ብትላችሁስ? እኛ ያደረግነውን አታድርጉ፤ ባዶዋንም አትስደዱአት። በቅዳሴያችን ስለ መንገደኞች እንጸልያለን፤ ስላንቀላፉትም እንጸልያለን። ልጇን በመንገደኞች ጸሎት አስቡላት። በፎቶግራፉ የታየውንም ምስኪን፥ ስሙን እግዚአብሔር ከሚያውቀው ሙታን ጋር አስቡት። እርስዋም ለዚያ ለማታውቀው ልጅ አብራችሁ ትጸልይ። የእርስዋ ልጅ ባይሆን እንኳ የአንዲት እናት ልጅ ነውና ጸሎቷ ከንቱ አይቀርም። እውነቱ በተረጋገጠ ጊዜ ፍትሐቱ ይደርሳል።

ያ ጎልማሳ ማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሽማግሎቹ በኦሪት ርቀቱን ለክተው የቀረበችውን ከተማ ያገኙ ነበር። እኛ ግን መለኪያ ሳያስፈልገን ወደ እርሱ የቀረብነው እኛ መሆናችንን እናውቃለን፤ የእርሱ ያልሆነውን ስም ያጸናንበት እኛ ነንና። ስለዚህ ሙታንን በምናስብበት ጊዜ፥ የምናውቃቸውን ስሞች ከጠራን በኋላ ጥቂት ዝም እንላለን፤ ያ ዝምታ የእርሱ ነው። እያንዳንዱን በስሙ የሚጠራ እግዚአብሔር ስሙን ያውቃል፤ እኛንም ለእናቱ የምንነግርበትን ቀን ያሳየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።