ዚያራችን እንዳያሳምም



ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ሄጄ፣ ኩላሊታቸውን ለዓመታት የታመሙ አንድ አባት ቤት ከመግሪብ በኋላ ተሰብስበን ነበር። የጎጃም ደጋ ብርድ ይታወቃል፤ በርና መስኮቱ ተዘግቷል፣ ከጠያቂው ግማሹ ያስላል። ወሬው ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሆነና ሐጂ፣ «ልጄ፣ ለእኔ ቢጤ በደንብ አይሠራም አሉ። ታዲያ በአላህ ተመክቼ ብቀመጥስ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው እውነት አለበት። ኩላሊት ሲደክም ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ኃይልም ይደክማል፤ ስለዚህ ከክትባቱ የሚገኘው ጥበቃ ከጤነኛው ያንሳል። ከተከተቡት ሕመምተኞች መካከል ሆስፒታል የሚገቡትና የሚሞቱት ጥቂት ሆነው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ። ሆኖም የሚከተበው ቀድሞውንም ጠንከር ያለው ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱ ሁሉ የክትባቱ ነው አይባልም። ያም ሆኖ የ2012 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ በየዓመቱ እንዲከተቡ መክሯል። በሽታው በእነርሱ ላይ ይበረታልና ጥቂቱም ጥበቃ አይናቅም። ሰበብ ማድረስም ተወኩልን አያፈርስም።

ጉንፋን ቀላል ነው የሚል ካለ፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ እንደነበር ያስታውስ።

እንግዲህ ክትባቱ ደካማውን በሙሉ ካልጠበቀው፣ የቀረው ጥበቃ የማን ኃላፊነት ነው? የእኛ የጤነኞቹ ነው እላለሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ከጤነኞቹ ግመሎች ጋር እንዳያቀላቅላቸው አስተምረዋል። ለግመል የተባለው ለሰው እንዴት አይሆንም?

የታመመን መጠየቅ የሙስሊም ሐቅ ነው። ነገር ግን እያሳልን ሄደን፣ ሐቅ ልንወጣ ሐቅ ይዘን እንመለሳለን። ያን ምሽት እኔም ያስለኝ ነበር። ለምን እንደሄድኩ ራሴን ስጠይቅ መልሱ አሳፈረኝ፤ «ሳይጠይቃቸው ቀረ» እንዳልባል ነበር። ይሉኝታን ኢባዳ አስመስዬው ኖሯል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ክትባቱን ማግኘት የሚችል፣ በተለይ ከሕመምተኛ ጋር የሚኖር፣ ሐኪም አማክሮ ይከተብ። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ፣ ባለበት ሆኖ ዱዓ ያድርግ፤ ሲሻለው ይሂድ። የቀረበት ምክንያት ለታማሚው ማዘን ከሆነ፣ መቅረቱም ዚያራ ነው።

ወላሁ አዕለም።