በወረቀት የተጎበኘች ልጅ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2006 በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል፣ በሙቀት በታፈነ አንድ አፓርታማ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ሞታ ተገኘች። ክብደቷ 42 ፓውንድ፣ ማለትም 19 ኪሎ ገደማ ነበር። ጤነኛ የሆነ የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ያህል ይመዝናል። ጀርባዋ ላይ እስከ አጥንት የዘለቀ የመኝታ ቁስል ነበረባት፤ ቁስሉ ትል አፍርቷል። አስከሬኑን የመረመረው ጽሕፈት ቤት አሟሟቷን ግድያ ብሎ መዘገበ።

ማንም አልደበደባትም፣ አላነቃትም። የገደላት ሳይደረግላት የቀረው ነገር ነው።

ልጅቷ ሴሬብራል ፓልሲ ነበረባት። ይህ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት በአንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ ነው። አንጎል ጡንቻን የሚያዝበትን ችሎታ ያውካል እንጂ ራሱ እያደር እየባሰ ሄዶ የሚገድል በሽታ አይደለም። ተገቢውን እንክብካቤ ያገኘ ሰው ከዚህ ጉዳት ጋር አድጎ፣ ተምሮ፣ ለሽምግልና ይበቃል።

እንክብካቤው ግን ቀላል አይደለም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ በአስታማሚዎች ላይ ግፍ ይሆናል። እጅና እግሯን እንደልቧ ማዘዝ የማትችል ልጅ በተኛችበት ጎን ሳትገላበጥ ከቆየች፣ የገዛ ክብደቷ ቆዳዋን ከፍራሹ ጋር ይጫነዋል። ደም ወደዚያ መድረስ ያቅተዋል፤ ሥጋው ይሞታል። ስለዚህ አስታማሚዋ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አለባት፤ ሌሊትም ቢሆን። መዋጥ የሚያስቸግራት ከሆነ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ምግቡን ማላም፣ በትንሽ በትንሹ ማጉረስ፣ የጎረሰችው መውረዱን አይቶ ሌላ መድገም ያስፈልጋል። አንድ ምሳ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ውሃውም እንደዚያው ነው፤ ጠማኝ ብላ ተነስታ አትቀዳም። ይህን ሥራ ለዓመታት ያለ እረፍት የሚሠሩ እናቶችና አያቶች በየሰፈሩ አሉ። ወገባቸው ጎብጦ፣ እንቅልፍ አጥተው፣ ከማኅበርና ከለቅሶ ቀርተው ይሠሩታል። የሚያመሰግናቸው የለም።

ሥራው ሲቀር የሚሆነውም እንደዚሁ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ቁስል በአንድ ሌሊት አጥንት ጋ አይደርስም። የ14 ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት 19 ኪሎ አትሆንም። ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ አንሶላውን ገለጥ ቢያደርግ ኖሮ ልጅቷ ሆስፒታል ገብታ ትድን ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘወትር የሚከነክነኝም ይኸው ነው። አንሶላውን እንዲገልጥ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነበረ።

ልጅቷ ቀድሞ ከአባቷ ጋር በአሪዞና ትኖር ነበር። እዚያ ለልዩ ፍላጎት ልጆች በተዘጋጀ ትምህርት ቤት በቆየችበት ጊዜ ለውጥ አሳይታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ፊላደልፊያ ከመጣች በኋላ አባትየው ብዙ ሌሎች ልጆች ላሏት እናቷ ትቷት ሄደ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ትምህርት ቤት መቅረት ለሌላ ልጅ የዕውቀት ጉዳት ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ግን በየቀኑ የሚያያት የውጭ ሰው ማጣት ማለት ነው። አስተማሪ መክሳቷን ያያል፤ ነርስ ቁስሏን ታያለች፤ የአውቶቡስ ሾፌር እንኳ ልጅቷ ለምን ቀረች ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ዓይኖች በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠፉ።

ጥቆማ አልጠፋም። የከተማው የሰብዓዊ አገልግሎት መምሪያ ልጅቷ ሕክምናም ትምህርትም እንደማታገኝ የሚገልጹ ጥቆማዎች በተደጋጋሚ ደርሰውት ነበር። ጉዳዩ የተመራለት የመምሪያው ሠራተኛ ግን ሳያጣራ አሳደረው። ከዓመታት በኋላ መርማሪዎች የልጅቷን ወረቀቶች ያገኙት እሱ ጋ በነበረ ካርቶን ውስጥ፣ ከሌሎች ልጆች ጉዳይና ከምግብ መጠቅለያ ጋር ተደባልቀው ነው።

በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ መምሪያው አንድ ነገር አደረገ። መልቲኤትኒክ ቢሄቪዮራል ሄልዝ የሚባል የግል ድርጅት ቤተሰቡን ቤት ድረስ እየሄደ እንዲከታተል ተመደበ። ውሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጉብኝት ይጠይቃል። በወረቀቱ ላይ ጉብኝቱ ነበረ። ፊርማ አለ፣ ቀን አለ፣ ክፍያ ተፈጽሟል። የቀረው መሄዱ ብቻ ነው። ልጅቷ ከሞተች በኋላ ደግሞ የድርጅቱ ሰዎች ተሰብስበው ያልተደረጉ ጉብኝቶችን ማስታወሻ ጽፈው መዝገቡን ሞሉት። ይህ ኋላ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተረጋግጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከድርጅቱ መሥራቾች አንዷ 17 ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተፈርዶባታል። ወንጀሉ ማጭበርበር ነበር፤ ድርጅቱ ለብዙ ቤተሰቦች በዚሁ መንገድ ገንዘብ ይሰበስብ እንደነበር ታውቋል።

እናትየዋስ? እ.ኤ.አ. በ2009 በሦስተኛ ደረጃ ግድያ ጥፋቷን አምና ከ20 እስከ 40 ዓመት ተፈረደባት። ስለ እሷ ማለሳለሻ ቃል ልፈልግ አልሞክርም። ዐቃቤ ሕግ ሊን አብርሃም እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረጉት የግራንድ ጁሪ ሪፖርት (ግራንድ ጁሪ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ማስረጃ የሚመረምር የዜጎች ጉባኤ ነው) ከ200 ገጽ በላይ ነው። ሪፖርቱ እንደሚገልጸው የልጅቷ ወንድም፣ ራሱ ገና ልጅ ሆኖ፣ አምቡላንስ እንዲጠራ ለምኖ ነበር። ቤቱ ሰው የማይገባበት ቤትም አልነበረም፤ የእናትየዋ ጓደኞች ይመላለሱ ነበር። ከእነሱ ሦስቱ ልጅቷ ደህና እንደነበረች በሐሰት በመመስከር ተከሰሱ። አባቷን፣ ሁለት የመምሪያውን ሠራተኞችና ሁለት የድርጅቱን ሰዎች ጨምሮ በዚያ ሪፖርት የተከሰሱት ሰዎች ዘጠኝ ናቸው።

ዘጠኝ ሰው ለአንዲት ልጅ! ከዘጠኙ እያንዳንዱ ብቻውን ሊያተርፋት ይችል ነበር። የፊላደልፊያ ከንቲባ የነበሩት ጆን ስትሪት የመምሪያውን ኃላፊ ያነሱት እ.ኤ.አ. በ2006፣ ጋዜጦች የዚህችንና የሌሎች ሕፃናትን አሟሟት ማጋለጥ ሲጀምሩ ነው። በከንቲባነት የተኳቸው ማይክል ናተርም ሪፖርቱን ካነበቡ በኋላ ተጨማሪ ሠራተኞችን ከሥራ አግደዋል። ርምጃው ሁሉ የመጣው ከቀብሯ በኋላ ነው።

ጤነኛ ልጅ እንዲህ ሆኖ ቢሞት ጎረቤት ሁሉ ምን ሆኖ ነው ይላል። አካል ጉዳተኛ ልጅ ሲሞት ግን ጥያቄው ገና ከአፍ ሳይወጣ መልሱ ይቀድማል፤ ድሮም ታማሚ ነበረች። እኛም ዘንድ ለቅሶ ቤት ገብቶ «እሷም አረፈች፣ እናቷም አረፈች» የሚል አጽናኝ አይጠፋም። የሚናገረው በክፋት አይደለም፤ የእናትየዋን ድካም አይቶ ነው። ነገር ግን ያ ቃል ጥያቄውን ይዘጋዋል። በስንት ኪሎ ሞተች? ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ያያት መቼ ነው? ጀርባዋ እንዴት ነበር? የሚል አይገኝም። እንዲህ በሚታሰብበት አገር ሁሉ የልጁ ጉዳት ራሱ ለሞቱ ምክንያት ተደርጎ ይጻፋል፤ ረኃቡና ቁስሉ ሳይመዘገቡ አብረው ይቀበራሉ።

ነገሩን የክፉ አሳዳጊዎች ታሪክ ብቻ አድርጎ መተው ግን ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻና በ1997 መጀመሪያ፣ ቡልጋሪያ በከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ሳለች፣ በሮዶፔ ተራሮች በምትገኘው በጁርኮቮ መንደር የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ልጆች የሚኖሩበት ማሳደጊያ ነበር። በዚያ ክረምት በብርድ፣ በምግብና በመድኃኒት እጦት 15 ልጆችና ወጣቶች ሞቱ። የማሳደጊያው ኃላፊ ከመስከረም ወር ጀምሮ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ችግሩን አስታውቀው ነበር። ልጆቹ አደጋ ላይ እንዳሉ ባለሥልጣናቱ ያውቃሉ፤ ሞቱም አንድ በአንድ፣ በወራት ውስጥ ነው የመጣው። ኋላ በአገሪቱ ፍርድ ቤት የተከሰሱት የማሳደጊያው ሠራተኞች ነበሩ፤ በነጻ ተለቀቁ። እ.ኤ.አ. በጁን 2013 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ተጠያቂው መንግሥት ነው፣ የልጆቹን በሕይወት የመኖር መብት አልጠበቀም ሲል ፈረደ። በፊላደልፊያ ጉብኝቱ በወረቀት ላይ ተሞልቶ የሚሄድ ሰው ጠፋ። በጁርኮቮ ደግሞ የድረሱልን ወረቀቱ እውነት ተጽፎበት ተልኮ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ልጆቹ የሞቱት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ የምጽፈው የሩቅ አገር ነውር ለማውራት አይደለም። ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ተጠቂ ልጇን ትምህርት ቤት ሁሉ እየመለሰባት ስትቸገር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ ትልቁ ትግሏ ወላጆች ከጓዳ የደበቁትን ልጅ ወደ ሰው ፊት እንዲያወጡ ማድረግ ነበር። የሚደብቁት ስለሚጠሉት አይደለም። አንዳንዱ የሰው አፍ ፈርቶ ነው፤ የእርግማን ውጤት ነው ይሉኛል ብሎ። ብዙዎቹ ደግሞ ጉሊት ወይም የቀን ሥራ ሲሄዱ ልጁን የሚያዩላቸው አጥተው በር ቆልፈውበት ይሄዳሉ። እንዲህ ያለችን እናት መውቀስ ቀላል ነው። በሩን የሚያንኳኳላት ማን እንደሆነ መጠየቅ ግን ይቀድማል።

በሩን የሚያንኳኳ ሰው እኮ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ። ስለ ክትባት ይጠይቃሉ፣ መጸዳጃ ቤት ያያሉ፣ የሕፃናትን ክንድ ዙሪያ በሜትር ይለካሉ። ያ መለኪያ ግን ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። የአሥር ዓመቱን፣ ከጓዳ የማይወጣውን ልጅ አይደርሰውም፤ በረኃብ የመነመነ ቢሆን እንኳ በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ሠራተኛዋ ደጅ የወጡትን ልጆች ለክታ ስትጨርስ፣ በቤቱ ሌላ ልጅ አለ ወይ ብላ እንድትጠይቅ፣ ካለ ደግሞ እሱ ያለበት ክፍል ድረስ እንድትገባ የሚያዝ መመሪያ ያስፈልጋታል። ገብታም ክብደቱን ትመዝን፣ አገላብጣ ጀርባውን ትይ፣ ዛሬ ምን በላ፣ ውሃ ማን ያጠጣዋል፣ ሌሊት ማን ያገላብጠዋል ብላ ትጠይቅ። እናቱንም፦ አንቺስ መቼ ነው የምትተኚው? ትበላት።